ሁለት ጊዜ የተዘጋው የዕፅ ገበያ

ከዙሪክ ዋና ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ የተራመደ ሰው የስዊዘርላንድን ብሔራዊ ሙዚየም ያገኛል። ከሙዚየሙ ጀርባ ሊማትና ዚል የተባሉት ወንዞች ይገናኛሉ፤ በመገናኛቸው ላይ እንደ ምላስ ሹል ሆኖ የቀረው መሬት ፕላትስሽፒትስ የሚባል መናፈሻ ነው። ዛሬ እናቶች ሕፃን በጋሪ እየገፉ የሚያልፉበት፣ የቢሮ ሠራተኞች ምሳቸውን ይዘው የሚቀመጡበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ከ1987 ገደማ እስከ 1992 ግን (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሺህ የሚበልጥ ሰው ሄሮይን ሊገዛ፣ ሊሸጥና እዚያው ክንዱን ሊወጋ በየቀኑ ይጎርፍበት ነበር። ጋዜጠኞች «የመርፌ መናፈሻ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁት። በባንክና በሰዓት የምትታወቀው ሀብታም ከተማ ልጆቿ በጠራራ ፀሐይ ሣር ላይ ተዘርረው ሲሞቱ እያየች ትውል ነበር።

ዙሪክ ይህን ገበያ ሁለት ጊዜ ዘግታዋለች። የመጀመሪያው መዝጋት ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ሁለተኛው ግን ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል የአደባባይ ገበያ በከተማዋ አልታየም። አንድ ከተማ የዕፅ ሱስን የመከላከልና ጉዳቱን የመቀነስ ሥራ እንዴት እንደሚመራ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ከተማው ያው ነው፣ ሕዝቡም ዕፁም ያው ነው፤ በሁለቱ መካከል የተለወጠው ዋና ነገር አመራሩ ነው።

በቅድሚያ ግን «ጉዳት ቅነሳ» ምን ማለት ነው? ሰውየው ዕፁን ዛሬ ማቆም ባይችል፣ ወይም ገና ባይፈልግ እንኳ፣ እስከዚያው እንዳይሞት፣ በሽታ እንዳይዘው፣ ሌላውንም እንዳያስይዝ ማድረግ ማለት ነው። ንጹሕ መርፌ መስጠት አንዱ ሥራው ነው። ሄሮይንን የሚተካ መድኃኒት መስጠት፣ ትንፋሹ የተቋረጠበትን ማንቃት፣ ለማደሪያው አልጋ መፈለግም እንዲሁ።

«ታዲያ ለሱሰኛ መርፌ ማቀበል እሳት ላይ እንጨት መጨመር አይሆንም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ልጇ የተያዘባት እናት ራሷ ልትጠይቀው ትችላለች። የዙሪክ ባለሥልጣናትም በመጀመሪያ የያዙት ይህንኑ ሐሳብ ነበር። በ1985 የክፍለ ግዛቱ ዋና ሐኪም ለዕፅ ተጠቃሚዎች ንጹሕ ሲሪንጅ የሚሰጥ ሐኪም ፈቃዱን እንደሚያጣ አስጠነቀቀ። መርፌው ከጠፋ መውጋቱም ይቀራል የሚል ስሌት ነበር።

ስሌቱ የረሳው ሐራራን ነው። የሄሮይን ሱስ የጸናበት ሰው ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ሳይወስድ ከቆየ ላብ ያጠምቀዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያስመልሰዋል። እንዲህ ሆኖ ንጹሕ መርፌ እስኪገኝ የሚጠብቅ የለም፤ ጓደኛው የተወጋበትን ተቀብሎ ይወጋል። በሲሪንጁ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ደም ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ይዛ ትሸጋገራለች። ስዊዘርላንድ በ1980ዎቹ ከምዕራብ አውሮፓ አገሮች በኤች አይ ቪ ስርጭት ከፊት የተሰለፈችው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሐኪሞች ክልከላውን እንደማይቀበሉ በፊርማቸው አሳወቁ። ፈቃዳቸውን፣ እንጀራቸውን ማለት ነው፣ ለማጣት ተዘጋጅተው ነበር። ክልከላው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ጀግኖች እነሱ ናቸው።

በ1988 በሐኪሙ በፔተር ግሮብ የሚመራ ቡድን በመናፈሻው ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ቤት ሥራ ጀመረ። ሥራ በሚበዛበት ቀን ከ10,000 በላይ ሲሪንጅ ይሰጥ ነበር። ያገለገለውን ተቀብሎ አዲስ ያቀብላል፣ የጉበት በሽታ ክትባት ይሰጣል፣ የወደቀውን ያነሣል። ሄሮይን ከመጠን ሲያልፍ የሚገድለው ትንፋሽን በማስቆም ነው፤ አእምሮ «ተንፍስ» ማለቱን ይረሳል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አየር የሚሰጠው ሰው ካገኘ ይተርፋል። የግሮብ ባልደረቦች ይህን በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ አድርገዋል። ዛሬ ናሎክሶን የሚባል፣ በአፍንጫ የሚነፋ ማንቂያ መድኃኒት በብዙ አገር ይገኛል። አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ መግዛት ይቻላል። ፌንታኒል የተባለው ዕፅ በየሰፈሩ ልጅ በሚቀጥፍበት አገር፣ ቤት ውስጥ አንድ ማስቀመጥ ልጅን መጠርጠር አይደለም።

ወደ መናፈሻው እንመለስ። መርፌው ሕይወት አተረፈ፤ ከመናፈሻው የሚያስወጣ በር ግን አልነበረም። ሄሮይንን የሚተካውን ሜታዶን ለማግኘት መሥፈርቱ ብዙ ነበር፤ ማደሪያም ሆነ የሕክምና ቦታ በቂ አልነበረም። በአካባቢያቸው ምንም አገልግሎት ያላገኙ የሌሎች ከተሞችና ገጠሮች ልጆች፣ የጎረቤት አገር ሰዎችም ጭምር፣ ሁሉም ወደ ዙሪክ መጡ። ሻጮቹ ተከትለዋቸው መጡ፤ ዓመፁም ሻጮቹን ተከትሎ መጣ።

የካቲት 5 ቀን 1992 ፖሊስ መናፈሻውን አስለቅቆ ዘጋው። በማግስቱ ግን ያ ሁሉ ሰው የት ይሂድ? ሐራራ በአዋጅ አይቆምም። በአቅራቢያው ባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ደረጃ ሥርና ግቢ ውስጥ ተበተኑ። ነዋሪው ጠዋት በሩን ሲከፍት ደም የነካው መርፌ ያገኛል፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በተጋደመ ሰው ላይ እየዘለሉ ሆነ። ፖሊስ ከአንዱ ጥግ ሲያባርራቸው በሌላው ይሰበሰባሉ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው በሊማት ዳር በሚገኘው፣ አገልግሎት ባቆመው የሌተን ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ላይ ተተከለ። ይኸኛው ከመናፈሻውም ባሰ፤ በ1994 የሻጭ ቡድኖች እርስ በርሳቸው ይታኮሱ ጀመር። በመላ አገሪቱ በእነዚያ ዓመታት በዕፅ ምክንያት የሚሞተው ሰው በዓመት ከ400 አልፎ ነበር።

በዚህ መካከል ስሟ ሊነሣ የሚገባ ሴት አለች። ኤሚሊ ሊበርሄር ከ1970 እስከ 1994 የዙሪክን የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መርታለች፤ ለከተማው አስተዳደር ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው። እሷ በ1969 ወደ በርን የተደረገውን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ ናት፤ «አይሆንም» መባልን የለመደች ሰው ነበረች። ይህች ሴት ደጋግማ የጠየቀችው ለብዙዎች የማይታሰብ ነገር ነበር፦ ሌላ ሕክምና ሁሉ ያልሠራላቸው፣ ለዓመታት የተያዙ ሰዎች ሄሮይኑን ከሻጭ ሳይሆን ከሐኪም እጅ ያግኙ። በፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ ሙከራው በ1994 ተጀመረ።

ይህ ሕክምና በስሙ ብቻ ስለሚያስደነግጥ ምን እንደሆነ በዝርዝር ማስረዳት ያስፈልጋል። መጥቶ የጠየቀ ሁሉ አይገባበትም። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጽኑ የተያዘ፣ ሌላ ሕክምና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት መሆን አለበት። በተለምዶው አሠራር ታካሚው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ክሊኒኩ ይመጣል። ነርሷ በፋብሪካ የተመረተ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ትሰጠዋለች፤ በፊቷ ይወጋል፣ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። በጎዳና ላይ የሚሸጠው ዱቄት ምን ያህል እንደሚበረታ ገዢው አያውቅም፤ ብዙዎች የሚሞቱትም በዚህ ነው። የክሊኒኩ መጠን ግን ትናንትም ዛሬም አንድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚለወጠው የሰውየው ቀን ነው። ሱስ የጸናበት ሰው ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ሥራው ገንዘብ ማግኘት ነው፤ ይለምናል፣ ይሰርቃል፣ ገላውን ይሸጣል። ያ ሩጫ ሲቀርለት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሰዓት ያገኛል። በዚያች ሰዓት ውስጥ ቁስሉን ያሳያል፣ ቤት ይፈልጋል፣ ለእናቱ ይደውላል። በስዊዘርላንድ የተደረጉት ጥናቶች የታካሚዎቹ ወንጀል በእጅጉ መቀነሱንና ጎዳና የሚያድረው ቁጥር መውረዱን አሳይተዋል። ከጊዜ በኋላ ወደ ሜታዶን የተዛወሩ፣ ጨርሰው ያቆሙም አሉ። ሜታዶን በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥና ሐራራውን ለአንድ ቀን ያህል የሚያስታግስ መድኃኒት ነው፤ ከሄሮይን ክሊኒኩ ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው የደረሰው እሱ ነው። መሥፈርቱ ቀልሎ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተከፈተ።

የካቲት 14 ቀን 1995 ሌተን ሲዘጋ እንግዲህ ብዙ ነገር ተሰናድቶ ነበር። የሜታዶንና የሄሮይን ክሊኒክ ነበረ፤ የማደሪያ አልጋ ነበረ፤ በነርስ ፊት በንጹሕ መርፌ መጠቀም የሚቻልባቸው ማዕከሎች ነበሩ። ከሌላ አካባቢ የመጡትን መዝግቦ ወደ መጡበት ቀበሌ የሚመልስ ጣቢያም ተቋቁሞ ነበር። ቀበሌውም «የእኔ ልጅ ነው» ብሎ መቀበልና ማሳከም ግዴታው ሆነ። አንድ ከተማ የአገር ሸክም ብቻዋን መሸከም የለባትም የሚለው ስምምነት በከተማው፣ በክፍለ ግዛቱና በፌዴራሉ መንግሥት መካከል አስቀድሞ ተደርሶ ነበር። ለሻጮች የእስር ቤት ቦታም ተዘጋጅቷል። በዚያው ወር ሥራ ላይ የዋለው፣ የውጭ ዜጎችን ከአገር ለማስወጣት አስሮ ማቆየትን የሚፈቅደው ሕግም የዚሁ አካል ነበር። ስደትን የሚያውቅ አንባቢ ይህኛውን ክፍል ሲያነብ ልቡ ቢከብደው እውነት አለው፤ የዙሪክ መፍትሔ ለሁሉም እኩል የዋህ አልነበረም።

ስዊሶች ይህን አሠራር «አራቱ ምሰሶዎች» ይሉታል፦ መከላከል፣ ማከም፣ ጉዳት መቀነስ፣ ሕግ ማስከበር። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። የአመራሩ ፈተና ምሰሶዎቹ እርስ በርስ እንዳይገፋፉ ማድረጉ ላይ ነው። የፖሊስ አዛዡ ስኬት የሚለካው በያዘው ሰው ብዛት ከሆነ ቀላሉ ሥራ መርፌ በሚሰጥበት በር ፊት መቆም ነው። እዚያ ከቆመ ግን ማንም ወደ በሩ አይመጣም፤ የነርሷም ሥራ ያበቃል። ነርሷ በበኩሏ በማዕከሉ ውስጥ ትልልቅ ሻጮች ሲሰፍሩ እያየች ዝም ብትል ጎረቤቱ ይነሣባትና ማዕከሉ ይዘጋል። ስለዚህ ፖሊስን፣ ጤናንና ማኅበራዊ ጉዳይን የሚመሩት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ማን የት እንደሚቆም መስማማት ነበረባቸው። ይህን የሚመራ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በመድረክ ንግግር አይደለም። የትኛው ማዕከል በየትኛው ቀን ይከፈታል፣ የመንገድ ጽዳቱ ስንት ሰዓት ያልፋል፣ የተቆጣ ነዋሪ ሲደውል ማን ያነሣለታል፣ እነዚህን ሲያስተካክል ይውላል።

በማዕከሎቹ ውስጥ ያለው ደንብ ይህንኑ ድርድር ያሳያል። የሚገባው 18 ዓመት የሞላውና የዙሪክ ነዋሪ የሆነ ሰው ነው። ለሚወጋው፣ ለሚያጨሰውና በአፍንጫው ለሚስበው የተለያየ ቦታ አለ። ምግብና መታጠቢያ አለ፤ ሐኪም ይመጣል፤ ለጥቂት ሰዓት የጉልበት ሥራ ተሠርቶ ገንዘብ የሚገኝበት ዕድል አለ። ውጭ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ «ሲፕ» የሚባል ቡድን ይዘዋወራል። አባላቱ የደንብ ልብስ ቢለብሱም ፖሊስ አይደሉም፤ ከተጋደመው ሰው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ያነጋግሩታል፣ ወደ ማዕከሉም ይሸኙታል። ፖሊስም ስብስብ ሲያይ ይበትናል፤ ልዩነቱ «ሂድ» ሲል የሚሄዱበትን ቦታ ማወቁ ነው።

ውጤቱን በምን እንለካ? «ስንት ሰው አቆመ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ያታልላል፤ የሞተ ሰው አያቆምም፣ አይጀምርም። አስተዋይ መሪ ስንት ሰው እንደሞተ፣ ስንት አዲስ ሰው በኤች አይ ቪ እንደተያዘ፣ ሕክምና የጠየቀ ሰው ስንት ቀን እንደሚጠብቅ፣ መንገድ ላይ ስንት መርፌ እንደተለቀመ ይከታተላል። በስዊዘርላንድ በዕፅ የሚሞተው ሰው በዐሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በመርፌ የሚመጣው አዲስ የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽንም እጅግ ጥቂት ሆኗል።

ሕዝቡም ተጠይቋል፤ አገሩ ነገርን በድምፅ የሚቆርጥ አገር ነው። በ1997 ይህን አሠራር አስቀርቶ ከዕፅ ፍጹም መራቅን ብቻ መመሪያ ሊያደርግ የነበረውን ሐሳብ ከመራጩ 70 በመቶ በላይ ውድቅ አደረገው። በ2008 ደግሞ የሄሮይን ሕክምናን በቋሚ ሕግ ውስጥ ያስገባውን ማሻሻያ 68 በመቶ ደገፈው። ስዊዘርላንድ ወግ አጥባቂ አገር ናት፤ ሕዝቧን ያሳመነው መናፈሻው ተመልሶ መናፈሻ ሲሆን በዓይኑ ማየቱ ይመስለኛል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ሥራስ? መከላከል ሲባል ብዙ ከተሞች የሚቀናቸው ፖሊስ ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጆችን ማስፈራራት ነው። በ1983 ሎስ አንጀለስ ላይ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው «ዴር» የተባለ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ፖሊሶችን ወደ ክፍል አስገብቶ ነበር፤ በተደጋጋሚ ሲመረመር ግን ልጆቹን ከዕፅ በማራቅ ረገድ የሚቆይ ለውጥ አላሳየም። የሚሻለው አዝጋሚ ሥራ ነው፦ ከትምህርት የሚቀረውን፣ ድንገት ዝምተኛ የሆነውን፣ ቤቱ ሰላም ያጣውን ልጅ ቀድሞ ማየትና ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር። በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ የሚከብደው ነገሩ ከዘመድ ከጎረቤት ስለሚሸሸግ ነው። ወላጅ ይሉኝታ ይዞት ዓመት ያልፋል፤ ያ ዓመት ደግሞ ልጁን ለመድረስ ከሁሉ የቀለለው ጊዜ ነበር።

ዙሪክ ሳታስበው ያገኘችው የመከላከል ፍሬም አለ። ሐኪም ሄሮይን ከሰጠ ወጣቱ ሁሉ ይማረካል የሚል ስጋት ነበር። በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዙሪክ ሄሮይን አዲስ የሚጀምረው ሰው በ1990 በዓመት 850 ያህል የነበረው በ2002 ወደ 150 ወርዷል። አጥኚዎቹ የሰጡት ግምት ልብ ይነካል፦ ሄሮይን የአመፀኛ ወጣት ምልክት መሆኑ ቀርቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ክሊኒክ የሚመላለስ ሕመምተኛ መድኃኒት ሆነ። ማንም ወጣት በዚያ አይቀናም።

ሥራው ግን አላለቀም። አማርኛችን እነዚህን ነገሮች ሁሉ «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ሄሮይን በእርግጥ ያደነዝዛል። ኮኬይንና የሚጨሰው ወንድሙ ክራክ ግን ሰውን ያነቃሉ፣ ያቅበጠብጣሉ፣ ለቀናት እንቅልፍና ምግብ ያስረሳሉ። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ሜታዶን ለሄሮይን የሚሠራውን ለክራክ የሚሠራ መድኃኒት እስካሁን የለም። የአንዱ ጭስ ስሜት በደቂቃዎች ስለሚጠፋ ሰውየው በቀን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚመጣ ሄሮይን ተጠቃሚ የተሠራው ክሊኒክም ለእሱ አይመቸውም።

ዙሪክ ይህን በ2023 በራሷ ላይ አየችው። በከተማዋ መካከል የነበረ አንድ ማዕከል ከቦታው ሲነሣ፣ የክራክ ተጠቃሚዎች በአራተኛው ቀጠና በሚገኘው ቤከርአንላገ መናፈሻ መሰብሰብ ጀመሩ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነው፤ ያን የድሮ መናፈሻ የሚያስታውሱ ነዋሪዎች ደነገጡ። አስተዳደሩ ፖሊስ ላከ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ የቀድሞው የጦር ሠፈር ግቢ ውስጥ ጊዜያዊ ማዕከል ከፈተ፤ ለማጨሻ ክፍል፣ ለሾርባ፣ ለነርስና ጋደም ለማለት የሚሆን ቦታ።